በሁለት ሩቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ በራስዎ ለማስላት የሚረዳ መመሪያ

«ከዚህ አውሮፕላን ማረፊያ እስከዚያኛው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አግኝቶ የትኛውን እንደሚያምን ግራ የገባው ሰው ነው፤ አንዱ ቦታ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ቦታ 12 ሰዓት፣ ትኬቱ ላይ ደግሞ ከመነሻው በፊት የሚደርስ አውሮፕላን ያያል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ ሙሉውን አሠራር በአንድ ቦታ ማስፈሩ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ርቀትና ጊዜ በአንድ ስሌት አይገኙም። ርቀቱ የሚገኘው ከምድር ቅርጽ ብቻ ስለሆነ ዛሬም ነገም አይለወጥም። ጊዜው ግን ርቀቱን መነሻ አድርጎ የመንገዱን መዞር፣ ነፋሱን፣ አውሮፕላኑ ምድር ላይ የሚያሳልፈውን ደቂቃና በመጨረሻም የሁለቱን አገሮች የሰዓት ልዩነት እየደራረበ የሚሠራ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳያፋልሱ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ካለፉ ስህተት ሲፈጠር እንኳ የቱ ላይ እንደተፈጠረ ያውቁታል።

በምሳሌነት ከቶኪዮ ሃኔዳ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለውን በረራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሠራለን። ይህን መስመር የመረጥኩት ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ነገሮች በአንድነት ስለሚገኙበት ነው፤ አንዱ ማረፊያ በምሥራቅ ኬንትሮስ ሌላው በምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል፣ መንገዱ ዓለም አቀፉን የቀን መስመር፣ ማለትም ሲታለፍ ቀኑ የሚለወጥበትን መስመር፣ ያቋርጣል፣ ኃይለኛ ነፋስም ከዳር እስከ ዳር ይከተለዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ባለ ሦስት ፊደል ኮድ
- የእያንዳንዱ ማረፊያ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ቢያንስ እስከ ሁለት የአስርዮሽ ቤት
- ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላ የሒሳብ ማሽን፤ በስልክ ላይ ያለውም ስልኩን አግድም ሲያዞሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ቁልፎች ያሳያል
- የበረራው ቀን፣ እንዲሁም በዚያ ቀን ሁለቱ ከተሞች ከዩቲሲ ማለትም ከዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ያላቸው ልዩነት
- የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ከታወቀ
- ወረቀትና እርሳስ
- ካገኙ ሉልና ቀጭን ክር፤ የግድ አይደለም፣ ነገር ግን ስህተትን ለመያዝ ከእሱ የሚበልጥ መሣሪያ የለም

ማስጠንቀቂያ

በዚህ መንገድ የሚያገኙት ጊዜ ለዕቅድ የሚያገለግል ግምት ነው። ሁለት በረራዎችን ለማገናኘት የሚጠቀሙበት ጊዜ ጠባብ ከሆነ በትኬቱ ላይ የታተመውን ሰዓት ይያዙ እንጂ በራስዎ ስሌት ላይ ተመሥርተው ትኬት አይግዙ። መድኃኒት በተወሰነ ሰዓት ልዩነት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን መቁጠር ያለብዎት በደረሱበት አገር ሰዓት ሳይሆን በእውነት ባለፈው ጊዜ ነው፤ ይህን በ8ኛው እርምጃ የሚያገኙትን ቁጥር ይዘው አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

1. ማረፊያዎቹን በከተማ ስም ሳይሆን በኮዳቸው ይለዩ

አንድ ትልቅ ከተማ ከአንድ በላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሊኖረው ይችላል። ቶኪዮ ሃኔዳ (ኤች ኤን ዲ) እና ናሪታ (ኤን አር ቲ) አሏት፤ በሁለቱ መካከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በሌላ በኩል አንድ ስም ሁለት ቦታ ይገኛል፤ ሲድኒ የሚባል ከተማ በአውስትራሊያም በካናዳም ያለ ሲሆን ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በስም ብቻ ከፈለጉ ስሌቱ ፍጹም ትክክል ሆኖ መልሱ የሌላ አህጉር መልስ ሊሆን ይችላል። የእኛ ምሳሌ ኤች ኤን ዲ እና ኤል ኤ ኤክስ ነው።

2. ኬክሮስና ኬንትሮሱን ወደ አስርዮሽ ይለውጡ፣ ምልክትም ይስጡት

ብዙ ጊዜ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው። ሃኔዳ በ35 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ሰሜን ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ስለሆነ 33ን ለ60 ያካፍሉና 0.55 ያገኛሉ፤ ስለዚህ ኬክሮሱ 35.55 ነው። ሳያካፍሉ 35.33 ብለው የጻፉ እንደሆነ ማረፊያውን 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ገፍተውታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ለሰሜንና ለምሥራቅ የመደመር፣ ለደቡብና ለምዕራብ የመቀነስ ምልክት ይስጡ።

- ሃኔዳ፦ ኬክሮስ +35.55፣ ኬንትሮስ +139.78
- ሎስ አንጀለስ፦ ኬክሮስ +33.94፣ ኬንትሮስ −118.41

ምልክቱ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በርቀት ስሌት ውስጥ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው እሱ ነው። በዚህ ምሳሌ የሎስ አንጀለስን ኬንትሮስ ያለ መቀነስ ምልክት ቢያስገቡት መልሱ 1,960 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የፓስፊክ ውቅያኖስን የሚያክል ነገር ያለ አንዲት ጭረት ከስሌቱ ይጠፋል።

ሁለት የአስርዮሽ ቤት የሚበቃው የዲግሪ መቶኛ በምድር ላይ ከ1.1 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥ ነው። ለሺዎች ኪሎ ሜትሮች ስሌት ከዚያ በላይ መጠንቀቅ የሚጨምረው ነገር የለም።

3. የኬንትሮሱን ልዩነት ያውጡ

አንዱን ከሌላው ይቀንሱ፦ 139.78 − (−118.41) = 258.19። ይህ ከ180 ስለሚበልጥ ምድርን በረጅሙ በኩል እየዞሩ ነው ማለት ነው፤ ከ360 ላይ ይቀንሱትና 101.81 ይሆናል። ልዩነቱን በቀጥታ ኮሳይን ውስጥ ካስገቡት 258.19ም 101.81ም አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ አጭሩን ቁጥር የመጻፍ ልማድ ይኑርዎት፣ ምክንያቱም መንገዱ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያሳይዎት እሱ ነው።

4. ርቀቱን በታላቁ ክብ ቀመር ያስሉ

በሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ታላቅ ክብ በሚባለው መስመር ላይ ይገኛል፤ ይህም ምድርን በማዕከሏ በኩል ለሁለት እኩል የሚከፍላት ክብ ነው። አውሮፕላኖች በካርታ ላይ ጎብጠው ሲሄዱ የምናየው ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው እንጂ መንገዱ ራሱ አጭሩ ነው።

ቀመሩ ይህ ነው፦

ኮሳይን (ማዕዘን) = ሳይን (ኬክሮስ 1) × ሳይን (ኬክሮስ 2) + ኮሳይን (ኬክሮስ 1) × ኮሳይን (ኬክሮስ 2) × ኮሳይን (የኬንትሮስ ልዩነት)

ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት ማሽኑ ማዕዘንን በዲግሪ እንደሚያነብ ያረጋግጡ። ለማረጋገጥ ሳይን 30ን ይጠይቁት፤ 0.5 ካለ በዲግሪ ነው፣ ሌላ ቁጥር ካመጣ በራዲያን፣ ማለትም በሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ ነውና ይቀይሩት። በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ራዲያን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ዲግሪ በ3.14159 አባዝተው ለ180 ማካፈል አለብዎት።

አሁን አንድ በአንድ እንሂድ፦

- ሳይን 35.55 = 0.5814፤ ሳይን 33.94 = 0.5583፤ ብዜታቸው 0.3246
- ኮሳይን 35.55 = 0.8136፤ ኮሳይን 33.94 = 0.8296፤ ብዜታቸው 0.6750
- ኮሳይን 101.81 = −0.2047፤ ከላይኛው ብዜት ጋር ሲባዛ −0.1382
- ድምሩ፦ 0.3246 − 0.1382 = 0.1864

ይህ የማዕዘኑ ኮሳይን እንጂ ማዕዘኑ አይደለም። ማዕዘኑን ለማግኘት በማሽኑ ላይ ኮሳይን ከሚለው ጽሑፍ አናት ትንሽ −1 ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ 79.26 ዲግሪ ይሰጥዎታል። በ3.14159 አባዝተው ለ180 ሲያካፍሉት 1.3833 ራዲያን ይሆናል። ይህን በምድር አማካይ ራዲየስ፣ በ6,371 ኪሎ ሜትር፣ ያባዙት፦

1.3833 × 6,371 = 8,813 ኪሎ ሜትር

ይህ ነው የታላቁ ክብ ርቀት። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ብለው በ35 ዲግሪ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ኖሮ 9,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣ ነበር፤ ወደ 490 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ መንገድ ማለት ነው።

ሌላ ቦታ ያዩት ቁጥር ከዚህ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ቢለይ አይደናገጡ። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ ራዲየሷ በምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ በዋልታዎቹ 6,357 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ጠፍጣፋነት የሚያካትቱ ስሌቶች ከእኛ እስከ ግማሽ በመቶ ሊለዩ ይችላሉ፤ ለ8,813 ኪሎ ሜትር ግማሽ በመቶ ማለት 44 ኪሎ ሜትር፣ በበረራ ደግሞ የ3 ደቂቃ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ ግን የመለኪያው ስም ላይ ዓይንዎን ያሳርፉ። 8,813 ኪሎ ሜትር ማለት 5,476 የየብስ ማይል ወይም 4,759 የባሕር ማይል ነው። የየብሱ 1.609፣ የባሕሩ 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን አቪዬሽን የሚጠቀመው በባሕር ማይል ስለሆነ «ማይል» የሚል ቃል ብቻ ሲያዩ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይለውጡት።

5. መልሱን በክር ያረጋግጡ

ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ቀመሩን ስንት ጊዜ ሠርቼውም ቢሆን አልተውም። የሉሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ይወክላል። የክሩን አንድ ጫፍ በአውራ ጣትዎ ቶኪዮ ላይ ይያዙ፣ ሌላውን ጫፍ ሎስ አንጀለስ ላይ አድርገው እስኪወጠር ይሳቡት። ሲወጠር ራሱ ወደ ሰሜን ሸርተት ይላል፤ አያስቁሙት፣ የሚሄድበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ከዚያ ክሩን በማስመሪያ ሲለኩት ሃያ ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሩብ ገደማ ያገኛሉ፤ በ425 ሲባዛ ከ8,800 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም።

ክሩ ሌላም ነገር ያሳይዎታል። ሁለቱም ከተሞች በ34ና በ36 ዲግሪ መካከል ሆነው ሳለ መንገዱ እስከ 48 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ወጥቶ ከአሉሺያን ደሴቶች በስተደቡብ ያልፋል። ነፋሱን የሚገምቱት በዚህ መስመር ላይ እንጂ በሁለቱ ከተሞች ላይ አይደለም።

ሉል ከሌለ ቢያንስ ይህን ያስታውሱ፦ በምድር ላይ ከማንኛውም ቦታ እስከ ማንኛውም ቦታ ያለው አጭሩ ርቀት ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ይህ የምድር ዙሪያ ግማሽ ነው። ስሌትዎ 23,000 ካለ ምልክቱን ወይም የማሽኑን አቀማመጥ ደግመው ይመልከቱ።

6. የታላቁን ክብ ርቀት ወደሚበረረው መንገድ ይለውጡ

አውሮፕላን ከመነሻው ወጥቶ ወደ መስመሩ እስኪገባ፣ ሲደርስም ተራውን ጠብቆ ወደ ማኮብኮቢያው እስኪዞር ትርፍ መንገድ ይሄዳል። በመካከልም የአየር ትራፊክ መስመሮችን ይከተላል። ክፍት በሆነ መስመር ላይ እኔ 3 በመቶ እጨምራለሁ፦ 8,813 × 1.03 = 9,077 ኪሎ ሜትር።

3 በመቶ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች አሉና እነሱን ለይተው ይወቁ።

የመጀመሪያው የተዘጋ የአየር ክልል ነው። ከ2022 ጀምሮ ብዙ አየር መንገዶች በሩሲያ ሰማይ ላይ ማለፍ ስላልቻሉ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ መካከል ያሉ በረራዎች ረዝመዋል፤ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 13 ሰዓት ደርሷል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ርቀቱን በአንድ ቀመር ከማውጣት ይልቅ አውሮፕላኑ በሚያልፍባቸው ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች መንገዱን ቆርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ በ4ኛው እርምጃ አስልተው ይደምሩ።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከማረፊያ የሚርቅበት ገደብ ነው። አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው ብቻ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ180 ደቂቃ፣ ሊደርስበት የሚችል ተለዋጭ ማረፊያ ሊኖር ይገባል። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ፣ እንደ ሲድኒና ሳንቲያጎ ባሉ ከተሞች መካከል፣ ታላቁ ክብ ወደ አንታርክቲካ ስለሚጠጋ ይህ ገደብ መንገዱን ወደ ሰሜን ሊገፋው ይችላል።

ሦስተኛው ራሱ ነፋሱ ነው። አብራሪው ተቃራኒ ነፋስን ለመሸሽ ሆን ብሎ ረጅሙን መንገድ የሚመርጥበት ቀን አለ፤ በርቀት የሚከፍለውን በጊዜ ያተርፋል።

7. የአየር ላይ ጊዜውን በሁለቱም አቅጣጫ ለየብቻ ያስሉ

እንደ ቦይንግ 787፣ ቦይንግ 777 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ይዘው ሲረጋጉ በማክ 0.85 አካባቢ ይበርራሉ፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ማለት ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ −56.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 85 በመቶው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እንደ ኤርባስ ኤ320 እና ቦይንግ 737 ላሉት አነስተኛ አውሮፕላኖች 830 ኪሎ ሜትር ይያዙ።

ነገር ግን 900 ኪሎ ሜትር አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በመሬት ላይ ያለው ፍጥነት ይለወጣል። በሁለቱም ንፍቀ ክበቦች፣ በመካከለኛው ኬክሮስ አካባቢ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በየንፍቀ ክበቡ ቀዝቃዛ ወራት ይበረታል፣ በሞቃታማ ወራት ይለዝባል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ፍጥነት ላይ ይደምሩ፣ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ይቀንሱ። እንደ ምሳሌያችን ላለ መስመር በመላው መንገድ አማካይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይዘን እንሥራ።

- ወደ ምሥራቅ፣ ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ፦ 9,077 ÷ 980 = 9.26 ሰዓት
- ወደ ምዕራብ፣ ከሎስ አንጀለስ ቶኪዮ፦ 9,077 ÷ 820 = 11.07 ሰዓት

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። 9.26 ሰዓት ማለት 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ያባዙት፦ 0.26 × 60 ወደ 16 ደቂቃ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው 9 ሰዓት ከ16 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው።

«ሲሄድ የረዳው ነፋስ ሲመለስ ስለሚከለክለው ይጣፋል፤ ለምን ለየብቻ አሰላለሁ?» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። አይጣፋም። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 20 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ከነነፋሱ ግን 20 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አውሮፕላኑ ዝግ ብሎ የሚበርርበት ጊዜ ፈጥኖ ከሚበርርበት ስለሚረዝም ኪሳራው ከትርፉ ይበልጣል።

ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ለሚሄድ በረራ፣ እንዲሁም በምድር ወገብ አካባቢ ለሚቆይ በረራ፣ የጄት ስትሪሙ ተጽዕኖ ትንሽ ስለሆነ 900ን እንዳለ ይጠቀሙ።

8. የመውጫውን፣ የመውረጃውንና የምድር ላዩን ደቂቃ ይጨምሩ

አውሮፕላን ከፍታ ሲያወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ከ900 በታች ስለሆነ ለሁለቱ በጠቅላላ 20 ደቂቃ ይጨምሩ። ከመሳፈሪያው በር ተነሥቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ደርሶ እስኪነሣ 20፣ ካረፈ በኋላ በሩ ላይ እስኪቆም 10 ደቂቃ ይያዙ። ድምሩ 50 ደቂቃ ነው።

- ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ፦ 9፡16 + 0፡50 = 10 ሰዓት ከ6 ደቂቃ
- ከሎስ አንጀለስ ቶኪዮ፦ 11፡04 + 0፡50 = 11 ሰዓት ከ54 ደቂቃ

ይህን የምንጨምረው በትኬት ላይ የሚታተመው ጊዜ ከበር እስከ በር የሚቆጠር ስለሆነ ነው። «አየር ላይ የቆየነው 9 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ትኬቱ ግን 10 ሰዓት ይላል» የሚሉ ሰዎች ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን የሚረዱት እዚህ ላይ ነው።

9. የመድረሻውን ሰዓት በዩቲሲ በኩል ያውጡ

ያለ ዩቲሲ በጣት እየቆጠሩ «እነሱ ከእኛ በዚህን ያህል ሰዓት ይቀድማሉ» ማለት አጭር መንገድ ይመስላል፤ የቀን መስመር ሲመጣ ግን ሁሉም ይዘበራረቃል። ሁልጊዜ በሦስት ደረጃ ይሥሩ፦ የመነሻውን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ይለውጡ፣ የጉዞውን ጊዜ ይደምሩ፣ ከዚያ ወደ መድረሻው ሰዓት ይመልሱ። ሰዓቱን የሚጽፉት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 በሚቆጥረው አቆጣጠር ነው።

ቶኪዮ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 9 ሰዓት ትቀድማለች። ሎስ አንጀለስ በመደበኛው 8 ሰዓት፣ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወቅት ደግሞ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ጁላይ ውስጥ በአንድ ረቡዕ በ17፡00 ከሃኔዳ ተነሡ እንበል።

- 17፡00 − 9፡00 = 08፡00 ዩቲሲ፣ ረቡዕ
- 08፡00 + 10፡06 = 18፡06 ዩቲሲ፣ ረቡዕ
- 18፡06 − 7፡00 = 11፡06 በሎስ አንጀለስ፣ ያው ረቡዕ

አመሻሽ ላይ ተነሥተው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ስህተት አይደለም፤ በረራው የቀን መስመሩን ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ ቀኑ አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲመለሱ ደግሞ ሰኞ በ11፡30 ከሎስ አንጀለስ ቢነሡ በዩቲሲ 18፡30 ይሆናል፤ 11፡54 ሲደመርበት ማክሰኞ 06፡24 ዩቲሲ፣ በቶኪዮ ማክሰኞ 15፡24 ነው። ሆቴል ሲይዙ የሚመዘገቡበትን ቀን የሚወስኑት በዚህ መስመር ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ሌሊት ያለአግባብ የሚከፍለው ወይም ማደሪያ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የዩቲሲውን ልዩነት ሲፈልጉ የዛሬውን ሳይሆን የበረራውን ቀን ልዩነት ይውሰዱ። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን የምትመልሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ አውሮፓ ግን በማርች የመጨረሻው እሑድ ትገፋና በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ትመልሳለች። በመካከል ባሉት ሳምንታት በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት 5 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 4 ይሆናል። ሲድኒ ደግሞ በተቃራኒው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ትገፋለች። ልዩነት ሁሉ ሙሉ ሰዓት አይደለም፤ ሕንድ 5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከዩቲሲ ይቀድማሉ።

10. ትራንዚት ካለ እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ ይሥሩ

ርቀቱም ጊዜውም የሚደመረው በየበረራው ነው። ከመነሻ እስከ መጨረሻ መድረሻ ያለውን ታላቅ ክብ አስልቶ የትራንዚቱን ሰዓት መጨመር አይሠራም፣ ምክንያቱም መሸጋገሪያው ከተማ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ውጭ ነው። ጠቅላላውን የጉዞ ጊዜ ለማግኘት የመጀመሪያውን መነሻና የመጨረሻውን መድረሻ ሰዓት ወደ ዩቲሲ ለውጠው ይቀንሱ፤ ያኔ የትራንዚቱ ቆይታ በራሱ ይካተታል።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የምዕራብ ኬንትሮስን ያለ መቀነስ ምልክት ማስገባትና የማሽኑን ዲግሪ አለማረጋገጥ ከሁሉ የሚበዙት ናቸው፤ ሁለቱም በክር ፈተና ወዲያው ይጋለጣሉ።

ትኬት ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ከመድረሻው ሰዓት በቀጥታ መቀነስም የተለመደ ነው። በምሳሌያችን ከ11፡06 ላይ 17፡00 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ስህተቱ ራሱን ያሳውቃል። አደገኛው ግን ልዩነቱ ሊታመን የሚችል ሲመስል ነው፤ 6 ሰዓት የሚፈጅ በረራ 9 ሰዓት መስሎ ሲታይ ማንም አይጠራጠርም።

አንድ ጊዜ የበረሩበትን ጊዜ እንደ ቋሚ መያዝም ያሳስታል። በዚያው መስመር፣ በዚያው አውሮፕላን፣ ነፋሱ ስለተለወጠ ብቻ የአንድ ሰዓት ልዩነት ሊመጣ ይችላል።

ስሌትዎን ጨርሰው ከትኬቱ ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ እስከ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ይቀበሉት፤ አየር መንገዶች ለመዘግየት መጠባበቂያ የሚሆን ደቂቃ በፕሮግራማቸው ውስጥ ይጨምራሉ። በትክክል አንድ ሰዓት ከተለየ በመጀመሪያ የሚያዩት የሰዓት መግፋቱን ቀን ይሁን። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ግን ወደ 6ኛው እርምጃ ይመለሱና በዚያ መስመር ላይ የተዘጋ ሰማይ ወይም ሳያስተውሉት የቀረ መካከለኛ ማረፊያ እንዳለ ይፈትሹ፤ አንዳንድ በረራ በአንድ ቁጥር እየተጠራ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ያርፋል።